በላይኛው ጎል

ልሄድ ያደርኩ ዕለት እናቴ ሻንጣዬን እየፈታች ታስራለች፣ እያሰረች ትፈታለች። ሻንጣ ስላችሁ ደግሞ ሻንጣ እንዳይመስላችሁ፤ የስፖርት ሰዎች የሰጡን፣ ዚፑ ገና ከመጀመሪያው ቀን የተበላሸ ቦርሳ ነው፣ በሲባጎ የተጠፈረ። ታኬታዬ አለ፣ አንድ ሱሪ አለ፣ ሹራቤ አለ፣ የቀረው በሙሉ በሶ ነው። "እማዬ፣ ናይሮቢ እኮ ምግብ አለ" ብላት "የሰው አገር ምግብ ሆድ ይነፋል" አለችኝ፣ ከሾላ ገበያ ርቃ የማታውቀዋ ሴትዮ። በሳምንቱ የምመለስ ነው የመሰላት። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሆዴ ገና አልቆረጠም ነበር።

ሰዓት እላፊ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ጉተማ ናቸው።

ጋሼ ጉተማ ጎረቤታችን ናቸው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ አባትም እሳቸው፣ ተቆጪም እሳቸው። አሁን ደግሞ ዋሴ ሆነዋል። ያን ዘመን ያልደረሳችሁበት ልጆች ይህን ስሙልኝ፤ በደርግ ጊዜ ለኳስም ይሁን ለሌላ ነገር ከአገር የሚወጣ ሰው ዋስ ጥራ ይባላል፤ ሳይመለስ የቀረ እንደሆነ የሚታሰረው ዋሱ ነው። እናት ለልጇ ዋስ መሆን አትችልም ስለተባለ ጋሼ ጉተማ "እኔ አለሁ" አሉ። ቀበሌው እምቢ ሊላቸው አልቻለም። አንድ ልጃቸው ለሜሳ በብሔራዊ ውትድርና ሰሜን ዘምቷል፣ የዘማች ቤተሰብ ናቸው፤ ማን ደፍሮ "አይታመኑም" ይላል? ለሜሳ አብሮ አደጌ ነው። ከሄደ ወዲህ ግን ደብዳቤ የለ፣ መርዶ የለ፤ ይኑር ይሙት የሚነግራቸው ጠፋ።

"እስቲ አንቺ፣ ሻይ ጣጂልኝ" ብለው እናቴን ወደ ጓዳ ሸኙና ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ።

"ስማኝ ልጄ። ነገ ትሄዳለህ፣ ኳስህን ትጫወታለህ። ከዚያ እዚያው ትቀራለህ።"

"እንዴ! እርስዎስ ጋሼ?"

"እኔማ ያስሩኛላ።" ዝናብ ሊመታኝ ነው እንደሚል ሰው ቀለል አድርገው ነው ያሉት። "ለሜሳን ሰጠኋቸው። የት እንዳደረሱት እንኳ የሚነግረኝ የለም። አንተን አልሰጥም።"

"እርስዎን አሳስሬ ምን ዓይነት ሰው ልሆን ነው? እመለሳለሁ!"

"ልትመለስ ከሆነ ዋስህ አይደለሁም!" ድምፃቸው ከፍ አለና ወደ ጓዳ ገልመጥ አሉ። ከዚያ ዝቅ አድርገው፣ "ነገ በማለዳ ቀበሌ ሄጄ ዋስነቴን አነሳለሁ፤ ያኔ አውሮፕላኑን ከሩቅ ነው የምታየው። በል ምረጥ" አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ‘ከተመለስክ ዋስህ አይደለሁም’ የሚል ዋስ እናንተ ታውቃላችሁ? እኔ እስካሁን ሌላ አላየሁም። ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጠሩትና ሻዩን ፉት ብለው ተነሡ። በር ላይ ግንባሬን ሳሙኝ። "ስንት ለስንት እንደወጣችሁ በሬዲዮ እሰማለሁ። ነጋቲ" አሉኝ። በኦሮምኛ ደህና ሁን ማለታቸው ነው። ሌላ ጊዜ በአማርኛ ነበር የሚሰናበቱኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ሜዳችን ልንገራችሁ። ሜዳ ማለት እንኳ ያሳፍራል፤ ከየካ ሚካኤል ወደ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት በታች ያለች ዳገት ናት። ድሮ የጋሼ ጉተማ የገብስ ማሳ ነበረች። መሬቱ ከእጃቸው ሲወጣ ዙሪያው ቤት ተሠራበት፣ ያቺ ቁራጭ ብቻ ቀረች፤ እሳቸውም ወፍጮ ቤት ተቀጠሩ። እሑድ እሑድ ግን የጥንት ማሳቸው ዳር ድንጋይ ላይ ይቀመጡና እኔንና ለሜሳን ሲሰድቡ ይውላሉ። "አንተ ልፍስፍስ! በሬዬ እንኳ ከአንተ ይሻል ነበር!" ደስ ሲላቸው ነው እንዲህ የሚሉት።

ሜዳችን ላይኛው ጎልና ታችኛው ጎል አለው። ወደ ታችኛው ኳሷ ራሷ ትሄድልሃለች። ወደ ላይኛው ግን ሳንባህን በእጅህ ይዘህ ነው የምትወጣው። ስለዚህ ሕግ ነበረን፤ በላይኛው ጎል የገባ አንድ ጎል ሁለት ይቆጠራል። ማን እንዳወጣው አይታወቅም። የፈረንሳይ ሰፈር ልጆች መጥተው "የት አገር ሕግ ነው?" ብለው ተጣሉን፣ የላምበረት ልጆችም ተጣሉን። መልሳችን አንድ ነው፤ ካልተስማማችሁ ቁልቁለቱ ያውላችሁ።

ያቺ ዳገት ሁላችንንም አንድ አመል አስይዛናለች። እኛ ጋ ለጓደኛህ ኳስ ስታሻግር ወደ ጓደኛህ አትመታም፤ ከሱ በላይ፣ ወደ ላይኛው ጎል አስጠግተህ ነው የምትመታው፣ ዳገቱ ራሱ መልሶ እግሩ ሥር ያወርድለታል። ደልዳላ ሜዳ ስንሄድ ጉዳችን ይፈላል። ለብሔራዊ ወጣት ቡድን ግራ ክንፍ ተመርጬ ሣር ስረግጥ የማሻግራት ኳስ ሁሉ ከአጥቂያችን አልፋ ትሄድና አሰልጣኛችን ፀጉሩን ይነጫል። "አንተ የካ! ሜዳው ደልዳላ ነው! ዳገቱን ከጭንቅላትህ አውጣ!" እንዴት ብዬ ላውጣው፣ ያደግኩበት ነው። ያላባረረኝ ለሳንባዬ ብሎ ነው፤ እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሲያስሮጠን ሌሎቹ መንገድ ዳር ሲያስመልሱ እኔ እያፏጨሁ እደርስ ነበር።

ሌላው ጉድ ዕድሜዬ ነው። የወጣት ቡድን ከሃያ ዓመት በታች ነው የሚባለው። እኔ ሃያ ሁለት ነበርኩ።

"ዕድሜ?" አለኝ ወረቀቱን የሚሞላው የቡድኑ ሰውዬ።

"ሃያ ሁለት።"

"አሥራ ሰባት" ብሎ ጻፈ።

"ኧረ ሃያ ሁለት ነኝ!"

"አሥራ ሰባት አልኩህ። ፊትህ ይሸከመዋል።"

እኔ ብቻ እንዳልመስላችሁ፤ በረኛችን ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበረው። ቀበሌያችን ግን ሌላ ቁጥር ነበረው። ለውትድርና ከተመለመሉት መሐል ስሜ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድኩና "ጓድ ሊቀመንበር፣ በፓስፖርቴ እኮ አሥራ ሰባት ነኝ" አልኳቸው። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። "እሱ ለኳስ ነው። ለጠመንጃ ሃያ ሁለት ነህ። ከጨዋታው መልስ ማሠልጠኛ ትገባለህ፤ እስከዚያ አብዮቱ ታግሦሃል" አሉኝ። እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ለኳስ ሕፃን፣ ለሞት ጎልማሳ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

ናይሮቢ ገባን። ገና ከአውሮፕላኑ ስንወርድ፣ እንዲጠብቀን የተላከው ካድሬ ፓስፖርታችንን ሰብስቦ ቦርሳው ውስጥ ቆለፈ። ለእጃችን የተረፈን ፎቶ ያለበት የጨዋታ ካርድ ብቻ ነው፣ እሱም ላይ አሥራ ሰባት። በጨዋታው ቀን ስታዲየሙ ሞልቶ ሰዉ ቆሞ ይጨፍራል፣ ሣሩ ደግሞ ተኝተህበት እደር እደር ያሰኛል። የእነሱ ቁጥር ሁለት ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ ቁርጭምጭሚቴን ሲቀጠቅጠኝ ዋለ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በግራ በኩል አመለጥኩት። አጥቂያችን መሐል ላይ ቆሞ እጁን ያውለበልባል። አየሁት፣ ለሱ ልሰጠው ነው፣ እግሬን አነሣሁ፤ ያን ጊዜ ናይሮቢ መሆኔን ረሳሁት። ከሱ በላይ መታኋት! ዳገቱ መልሶ የሚያወርድለት መስሎኝ እኮ ነው። ምን ዳገት አለና ትወርዳለች? በረኛው ወደ አጥቂያችን ወጥቶ ነበር፣ እሷ አልፋው ማዶኛው ማዕዘን ውስጥ ገባች። ጎል! አሰልጣኙ እንደ ሕፃን መሬት ላይ ተንከባለለ። ያቺን አመሌን ከጭንቅላቴ አስወጥቶኝ ቢሆን ኖሮ ዜሮ ለዜሮ ነበርን። እኔ ደግሞ ከላብና ከጩኸት መሐል ያሰብኩት ጋሼ ጉተማን ነው፤ ማታ ሬዲዮኑን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይሰሙታል አልኩ።

አንድ ለዜሮ አለቀ። ያ ሲቀጠቅጠኝ የዋለው ቁጥር ሁለት እየሳቀ መጣና ማሊያውን አውልቆ ዘረጋልኝ። እንለዋወጥ ማለቱ ነው። ለእኛ ክልክል ነው፤ ቡድኑ ያለው አንድ ዙር ማሊያ ብቻ ስለሆነ ‘የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው’ ተብለን ተመክረናል። ካድሬው ከሩቅ አይቶኝ "አንተ! ክልክል ነው! ማሊያውን!" እያለ ጮኸ። ሆዴ የቆረጠው ያኔ ነው። ያገባሁት ጎል አላስጮኸውም እኮ፣ ማሊያው ነው ያስጮኸው! አወለቅኩና ለቁጥር ሁለቱ ሰጠሁት፣ የእሱን አጠለቅኩ። ሕዝቡ ሜዳውን ጥሶ ሲገባ እግሬ አውጪኝ ብዬ ከሕዝቡ ጋር ወጣሁ።

አስፋልቱ ላይ ታኬታዬ ቋ ቋ ይላል። ሰዉ ከተሸነፉት ተጫዋቾቻቸው አንዱ መስሎት ትከሻዬን እየመታ "ፖሌ፣ ፖሌ" ይለኛል። አይዞህ ማለት ነው። አንዷ ሴትዮማ እንባ እየተናነቃት ማንዳዚ አስጨበጠችኝ፤ ቦምቦሊኖ በሉት። ያገባሁባችሁ እኔ ነኝ እንዴት ልበላት? እየበላሁ መንገዴን ቀጠልኩ። ያን ሌሊት አንድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተኮራምቼ አደርኩ።

በማግስቱ የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። ወረፋው ጋራ ያክላል። ተራዬ ሲደርስ መነጽር ያደረገው ሰውዬ "ዕድሜ?" አለኝ።

ከእንግዲህስ አልዋሽም ብዬ "ሃያ ሁለት" አልኩ።

ከመሳቢያው ጋዜጣ አወጣ። ፎቶዬ አለበት። "ይሄ አንተ አይደለህም? የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አገባብን ይላል።"

"እኔ ነኝ። ግን እሱ ለኳስ ነው" አልኩት። የሊቀመንበሩ ቃል ከአፌ ሲወጣ ራሴን ታዘብኩት።

"ስማ" አለኝ መነጽሩን አውልቆ፣ "አሥራ ሰባት ከሆንክ ልጅ ነህ፣ አሳዳጊ ያስፈልግሃል። ሃያ ሁለት ከሆንክ አጭበርባሪ ነህ፣ ፖሊስ ያስፈልግሃል። የትኛው ነህ?"

"ዛሬ ምሳ የሚበላው የትኛው ነው?"

"ልጁ።"

"እንግዲያውስ ልጅ ነኝ!"

መነኮሳት የሚያስተዳድሩት የሕፃናት ማደሪያ ተላክሁ። አልጋው እስከ ጉልበቴ ነው። ማታ ማታ አንዲት ደግ መነኩሲት ወተት እያመጣች "ጨርስ፣ ታድጋለህ" ትለኛለች። ፂሜ እንዳያጋልጠኝ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ እላጫለሁ። ልጆቹ ግን አልተሸወዱም፤ "ባባ" ነበር የሚሉኝ፣ አባባ እንደ ማለት። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል እሰማ ነበር፤ ልጅ ሆኖ መገኘት ራሱ ለእራት እንደሚበቃ ናይሮቢ አሳየችኝ። ቢሆንም ወንድ ልጅ ወተት እየጠጣ በጊዜ እየተኛ ስንት ቀን ይኖራል? ወጣሁ።

ቤት ፍለጋ ሐበሻ ወደሚበዛበት ኢስሊ ሰፈር ሄድኩ። አከራይዋ ማማ ንጄሪ ይባላሉ፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ቁጣቸው ቅርብ የሆነ ባልቴት። በር ላይ ቆመው ከእግር እስከ ራሴ መዘኑኝና በስዋሂሊኛና በእንግሊዝኛ እያቀላቀሉ አወረዱብኝ።

"አንተ ያ ያገባህብን ቶቶ አይደለህ? ልጅ አላከራይም።"

"ልጅ አይደለሁም ማማ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።"

"ጋዜጣው አሥራ ሰባት ብሏል።"

"ውሸት ነው።"

"ውሸታምም አላከራይም። ደግሞስ ኪራይ ትተህ ብትጠፋ ማን ይጠየቅልኛል? ዋስ አለህ?"

ዋስ ሲሉኝ ጊዜ የያዝኩት ሁሉ አመለጠኝ። በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ስለ ጋሼ ጉተማ ነገርኳቸው፤ ስለ ለሜሳ፣ ‘ከተመለስክ ዋስህ አይደለሁም’ ስለማለታቸው፣ ሁሉንም። ማማ ንጄሪ ወገባቸውን እንደያዙ ሰሙኝ።

"ታዲያ ሙዜው አሁን የት ነው?" ሽማግሌው ማለታቸው ነው።

"ታስረው ይሆናል።"

"ለአንተ ብሎ?"

"ለእኔ።"

ቁልፉን ከቀሚሳቸው ኪስ አወጡ። "ሙዜው ለአንተ እስር ቤት ከገባ እኔ ጓዳዬን ብከለክልህ እግዜር አይወደውም። ነገ ቢሮው ሄጄ አሳዳጊው ነኝ እላለሁ። ኪራይ ግን በወቅቱ! ማታም በጊዜ ትገባለህ!" እንዲህ ሆኖ በሃያ ሁለት ዓመቴ ሌላ እናት ወጣችልኝ። ሲመሽብኝ በር ላይ ቆመው ነበር የሚጠብቁኝ።

ስለ አገሩ ልንገራችሁ፣ ለምትመጡም ይጠቅማችኋል። ምግባቸው ኡጋሊ ይባላል፤ ገንፎ ነው፣ ግን ቅቤና በርበሬ የተነፈገ ገንፎ፣ መሐሉ ላይ ጉድጓድ እንኳ የሌለው። ሱኩማ ዊኪ የሚሉት የኛው ጎመን ነው፣ ሞክሩት፣ አያስቀይምም። ሻዩን ከወተት ጋር አብረው ነው የሚያፈሉት። ሁሉም በየሳህኑ ለየብቻው ይበላል፤ ለማማ ንጄሪ አንድ ቀን ላጉርስዎ ብል "እጄ ተቆረጠ እንዴ?" ብለው ተቆጡ፣ በኋላ ግን ራሳቸው አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁኝ ጀመር። ሰኔና ሐምሌ ብርዱ የየካ ብርድ ነው። ባሕር ዛፍም አለ፤ ዝናብ ሲመታው ሽታው ይመጣና እግሬ ሳላዘው ዳገት ይፈልጋል፣ ምን ዋጋ አለው፣ ኢስሊ ዳገት የለም። ያን ጊዜ ቀን ገበያ ውስጥ ጆንያ እሸከም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአውቶቡስ ሠራተኞች ቡድን እጫወት ነበር። ኳሴ ያኔም ከሰዉ አልፋ ትሄድ ነበር።

ያን የፈራሁትን ያመጣው ከኤምባሲ የመጣ ሰው ነው። ከልምምድ ስወጣ ሙሉ ልብስ ለብሶ ቆሞ አገኘሁት።

"ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ዋስህ ታስረዋል፣ ሰምተሃል?"

መጠርጠርና መስማት ለየቅል ነው።

"ስለ አንተም ስለ ማሊያውም እየተጠየቁ ነው" አለ።

"ስለ ማሊያው?"

"የመንግሥት ንብረት ነው እኮ ወንድሜ።"

ልሳቅ ላልቅስ? ሽማግሌ ሰው ሲሚንቶ ላይ አስተኝተው ስለ ማሊያ ይጠይቃሉ!

"ብትመለስ በማግስቱ ይፈታሉ" አለኝ ለስለስ ብሎ።

"እኔስ?"

"አንተማ ወጣት ነህ፣ አገርህን ታገለግላለህ።"

"በአሥራ ሰባቴ ነው በሃያ ሁለቴ?"

"አስብበት፣ ቅዳሜ እመጣለሁ" ብሎ ሄደ።

ያን ሰሞን እህል ከአፌ አልገባም። ፈርቼ አይደለም፤ ጋሼ ጉተማ ያ ወፍጮ ቤት አቧራ የጠጣ ደረታቸው በብርዱ ሲያስል እየታየኝ ነው። እሳቸው ቢሉም እኔ እንዴት ዝም ብዬ ኡጋሊ እበላለሁ? ዓርብ ዕለት ያለችኝን ልብስ ጆንያ ውስጥ ከተትኩና በሲባጎ ጠፈርኩት። ማማ ንጄሪ በር ላይ ቆመው ያዩኛል።

በዚያው ቀን ማታ አልማዝ የምትባል ሴት ስሜን እየጠራች ግቢውን አንኳኳች። ሾላ ገበያ ቃሪያና ሽንኩርት ስትሸጥ የማውቃት፣ የእናቴ ደንበኛ ናት። ሞያሌን በእግሯ ተሻግራ፣ ፊቷ ከስሎ፣ ገና መግባቷ ነው። ውሃ እንኳ ሳትጠጣ፣

"እናትህ ደህና ናት። ለጋሼ ጉተማ ስንቅ የምታቀብለው እሷ ናት፣ ቀርታም አታውቅ" አለችኝ።

"እሳቸውስ? ምን አሉ?"

"መልእክት አላቸው። ‘ተመለስ ሊሉት ነው አሉ። ከተመለሰ ዋስነቴን አነሳለሁ በሉት’ ብለዋል።"

"ምን አልሽ?"

"እንዳሉት ነው የነገርኩህ። መርማሪው ደግሞ ልጁ የት ነው ቢላቸው ‘መጀመሪያ ስንት ለስንት እንደወጡ ንገሩኝ፣ ከዚያ እኛ እንነጋገራለን’ ብለውታል። አንተ ከጠፋህ ወዲህ ሬዲዮኑ ስለ ጨዋታው ትንፍሽ አላለም እኮ። ማን አሸነፈ ማን ተሸነፈ፣ አገር አያውቅም። ሽማግሌው ያገኙትን ሁሉ ስንት ለስንት እያሉ ዘበኞቹን አሰልችተዋል።"

ወገኖቼ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ከእስር ቤት ሆኖ ዋስነቴን አነሳለሁ ብሎ የሚያስፈራራ ሰው አያችሁ? ስስቅ ስስቅ እንባዬ መጣ፣ ከዚያ ልቅሶ ሆነ። አልማዝም አለቀሰች፣ ማማ ንጄሪም ነገሩ ሳይገባቸው አብረው አለቀሱ። ከዚያ ተነሥቼ ሲባጎውን ፈታሁ።

ቅዳሜ ሰውዬው መጣ። ያን የኬንያውን ቁጥር ሁለት ማሊያ አጥቤ፣ አጥፌ ይዤለት ነበር።

"ይኸውልህ" አልኩት፣ "ማሊያ በማሊያ ነው። ለመንግሥት አስረክብልኝ።"

"አንተስ?"

"እኔ የመንግሥት ንብረት አይደለሁም።"

ማሊያውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ሄደ። ሌላ ጊዜ አልመጣም።

ደብዳቤ መጻፍ አልቻልኩም፣ ስለሚከፈት በእነሱ ላይ ሌላ ጣጣ መጨመር ይሆናል። ጋሼ ጉተማ እንደታሰሩ አንድ ክረምት አለፈ፣ ሌላም መጣ። በየጊዜው ከሞያሌ ለሚገባ ሰው ሁሉ ‘የየካ ሰው ነህ?’ እላለሁ። አንድ ቀን አንዱ "ሽማግሌው እኮ ወጡ" አለኝ። እንዴት ብለው? ዋስ ጥሩ ተብለው ነዋ። ማን ሆናቸው? እናቴ! ለልጇ አትሆንም የተባለችው ሴትዮ ለልጇ ዋስ፣ ዋስ ሆነች። እሰይ የኔ እናት!

በዚያው ሰውዬ ምክር ለእሑድ ስልክ አስያዝኩ። ከየካ ሚካኤል በታች ያለው ሻይ ቤት ስልክ አለው፣ ሁለቱም እዚያ እንዲጠብቁ ተላከባቸው። ማማ ንጄሪ የእሑድ ባርኔጣቸውን አድርገው ስልክ ቤት ድረስ ሸኙኝ። ሌሊቱን ሙሉ የምለውን ሳጠና ነው ያደርኩት፤ ይቅር ይበሉኝ ልላቸው፣ ጤናዎስ ልላቸው፣ ስለ ለሜሳ ልጠይቃቸው። መጀመሪያ እናቴ ገባች፤ ስሜን ጠራች፣ "ሆድህን ነፋህ?" አለችኝ፣ ከዚያ ልቅሶዋ አላናግር ሲላት ስልኩን አሳለፈችው። ሳል ሰማሁ። የወፍጮ ቤቱ ሳል ብሶባቸዋል።

"ጋሼ! ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ይቅር..."

"ስንት ለስንት ወጣችሁ?" አሉ።

"እ?"

"ስንት ለስንት ነው የምልህ! ሰው ሁሉ ደበቀኝ እኮ!"

"አንድ ለዜሮ ጋሼ። አሸነፍን።"

"ማን አገባ?"

"እኔ።"

ሽቦው ውስጥ የሻይ ቤቱ ብርጭቆ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ከዚያ ቀስ ብለው፣

"በላይኛው ጎል ነው በታችኛው?" አሉኝ።

የናይሮቢ ስታዲየም ደልዳላ ነው። ላይኛው የለው፣ ታችኛው የለው። ስቼ እንደመታኋት፣ ዳገቱ የሚያወርዳት መስሎኝ እንደነበረ ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ።

"በላይኛው ነው ጋሼ" አልኩ።

"በላይኛው ነው!" ብለው ሻይ ቤት ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ጮኹ። "እንግዲያውስ ሁለት ለዜሮ ነዋ! ሁለት ለዜሮ ነው ያሸነፍነው! ሰማችሁ? የኔ ልጅ ነው ያገባው!"

"ጋሼ፣ ለሜሳስ?" ስል መስመሩ ተቋረጠ። ሃሎ ሃሎ ብል ማንም የለም።

ዓይኔን ጠርጌ ወጣሁ። ማማ ንጄሪ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ "ሙዜው ምን አለህ?" አሉኝ።

"ሁለት ለዜሮ አሸንፈናል አሉ።"

"ምን?" ብለው ወገባቸውን ያዙ። "አንድ ነው ያገባህብን! አንድ! ጋዜጣውን አላየሁም እንዴ?"

"ሁለት ነው፣ ማማ።"